ሰውየው ለምን ድንገት ዘፈነ? የድሮ የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞችን አጣጥሞ ለማየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የገና ዕለት ማታ፣ «ዛሬ ፊልም የምመርጠው እኔ ነኝ» ብዬ ተነሳሁ። ዶሮው ተበልቷል፤ ጠላው ተጠጥቷል፤ ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ለመሙላት ትንሽ የሚቀረው ሙዚቃዊ ፊልም ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጎቴ ማንኮራፋት ጀመረ። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ታገሰችና፣ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ደህና ሲያወራ ቆይቶ አሁን ምን ነካው?» አለችኝ። ሰውየው መዝፈን ጀምሮ ነበር።

ጥፋቱ የፊልሙ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ከመሃል ጎትቼ፣ ረጅሙን መርጬ፣ ምንም ሳልነግራቸው አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ዓይነት ፊልም አስለምጃለሁ። የሠራልኝን መንገድ እንደሚከተለው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ጥያቄ እንመልስ

ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሰው መጀመሪያ ያወራል። ከዚያ ያለቅሳል። እንባውም አልበቃ ሲል አንዲት ሴት ብድግ ብላ ሙሾ ታወርዳለች። «አሁን ይቺ ሴትዮ ለምን ዘፈነች?» የሚል የለም። ጀግና ነኝ ያለም በደረቅ ንግግር አይጨርሰውም፤ ይሸልላል፣ ያቅራራል፣ ይፎክራል። ነገሩ ከቃል በላይ ሲሆን ዜማ እንደሚሸከመው እኛ ከልጅነታችን እናውቃለን።

የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልምም የሚሄደው በዚሁ ሕግ ነው። ሰውየው ማውራት ሲያቅተው ይዘፍናል። መዝፈኑም ሲያንሰው ይጨፍራል። በቃ ይሄው ነው።

በህንድ ፊልም ያደጋችሁ ከሆነ ደግሞ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። ልጅቷ ዛፍ ስር ቆማ ስትዘፍን ከየት እንደመጣ የማይታየው ኦርኬስትራ አላስጨነቃችሁም። ያንኑ ትዕግስት እዚህም ይዛችሁ ኑ።

የመጀመሪያውን ፊልም በርዝመቱ ምረጡ

እኔ ለጀማሪ የምሰጠው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን ነው። የ1952 ሥራ ነው፤ 103 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ጂን ኬሊ ከስታንሊ ዶነን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው፣ ራሱም የሚጨፍርበት ነው። ዶናልድ ኦኮነርና ዴቢ ሬይኖልድስ አብረውት አሉ። ሬይኖልድስ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር።

ምክንያቴ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ታሪኩ ራሱ ስለ ሆሊውድ ነው። ዘመኑ 1927 ነው፤ ዋርነር ብራዘርስ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ድምፅ ያለው ፊልም አውጥቶ ድምፅ አልባውን ፊልም ያናወጠበት ዓመት። መልኳ የሚያማምር፣ ድምጿ ግን እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ የሚል ኮከብ ምን ይዋጣት? ቀልዱ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። እየሳቃችሁ የሙዚቃዊ ፊልምን የትውልድ ታሪክ ትማራላችሁ።

በጥቁርና ነጭ ለመጀመር የሚደፍር ካለ «ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት» (1933) አለለት። ያን ዘመን ብዙዎቹ ፊልሞች ስለ ቲያትር ቤት ሰዎች ስለነበሩ ለመዝፈን ሰበብ አያጡም፤ ሥራቸው ነው። ጭፈራውን የነደፈው በዝቢ በርክሊ ካሜራውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ሴቶቹን እንደ አበባ ሲዘረጋና ሲሰበስብ ታያላችሁ። ታሪኩ ትንሽ ይጎተታል። የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ግን ይክሳሉ።

የት እንደምታገኟቸው? ዋርነርና ኤምጂኤም ከተባሉት የፊልም ስቱዲዮዎች የመጡት ብዙዎቹ በኪራይ ወይም በግዢ በኢንተርኔት አሉ። አሜሪካ ያላችሁ በሠፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ዲቪዲውን በነፃ መዋስ ትችሉ ይሆናል፤ ሰው ይረሳዋል እንጂ ትልቅ ሀብት ነው።

ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ

ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ስንት ሰው እንዳበላሸችበት አይቻለሁ።

ከ1953 በፊት የተሠሩ ፊልሞች ምስላቸው ወደ ካሬ የተጠጋ ነው። ዛሬ ያለን ቴሌቪዥን ደግሞ ሰፊ ነው። አንዳንዱ ቴሌቪዥን በራሱ ጊዜ ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ፍሬድ አስቴር እንደ ሥጋ ነጋዴ ይወፍርላችኋል። ሪሞቱን አንሱና የምስል መጠን የሚለውን ወደ 4 በ3 ወይም ወደ ዋናው መጠን መልሱት። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን፣ ምንም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰብታይትል ክፈቱ፤ እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም ክፈቱት። የእነዚህ ዘፈኖች ግጥም እንደ ቅኔ ነው፤ ፈጥኖ ያልፋል፣ ቤት ይመታል፣ በቃላት ይጫወታል። እንደ ኮል ፖርተርና አይራ ገርሽዊን ያሉ ሰዎች የጻፉትን በጆሮ ብቻ ለመያዝ መሞከር ወርቁን ጥሎ ሰሙን መልቀም ነው።

ሦስተኛ፣ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። የ1960ዎቹ ትልልቅ ፊልሞች ሲጀምሩ ምስል ሳይኖር ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» (1961) ላይ መስመር መስመር ያለበት አንድ ሥዕል ቀለሙን እየቀያየረ ለደቂቃዎች ይቆማል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው ገብቶ እስኪቀመጥ የሚጫወት ነበር። «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» (1954) ላይ ደግሞ መሃል ላይ ፊልሙ ቆሞ፣ ፎቶግራፍ ብቻ እየታየ ድምፁ ይቀጥላል። ይህም ብልሽት አይደለም። ስቱዲዮው ፊልሙን ካስመረቀ በኋላ ቆራርጦት ነበር። በ1983 ሲጠገን ድምፁ ተገኘ፤ የአንዳንዱ ትዕይንት ምስል ግን ጠፍቶ ቀረ። ክፍተቱን በፎቶ ሞሉት። እኔ ያንን ክፍል ሳይ ሁልጊዜ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ከዘፈኑ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ተመልከቱ

አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህንን ነው። ሁሉም ሰው ዘፈኑን ይጠብቃል። ጥበቡ ያለው ግን ወደ ዘፈኑ በሚገባበት በር ላይ ነው።

የኬሊን የዝናብ ጭፈራ ውሰዱ። ልጅቷን ቤቷ አድርሶ ይስማታል። ዝናብ ነው። በሩ ይዘጋል። የሚጠብቀው መኪና አለ፤ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያሰናብተዋል። በዝናብ መኪና የሚያባርር ሰው ምን እንደሆነ ገባችሁ? ገና አልዘፈነም። ጃንጥላውን ይዞ መራመድ ይጀምራል። ያንጎራጉራል፤ ቃል የሌለው «ዱ ዱ ዱ» ነገር። ጥቂት እርምጃ ይሄዳል። ሰማዩን ያያል፣ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ጃንጥላውን ያጥፋል። ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እግሩ ወደ ጭፈራ የሚገባው ደግሞ ከዚያም በኋላ። ንግግሩ የት አልቆ ዘፈኑ የት እንደጀመረ መስመር ልታሰምሩ ብትሞክሩ አትችሉም።

መጨረሻውንም እዩ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሕፃን እየተንቦጫረቀ ሳለ ፖሊስ ይመጣል። ቀስ ብሎ ይረጋጋል። ጃንጥላውን ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶ ይሄዳል። ወደ ንግግር ዓለም የተመለሰበት በር ነው ያ። ይህን ሁሉ ሲቀርጹ ኬሊ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ በላይ ነበር ይባላል። ፊቱ ላይ ፈልጉት፣ አታገኙትም።

ከዚህ በኋላ በየፊልሙ ይህንን ጨዋታ ተጫወቱ። በሩ የት ነው? አንዳንዱ አዘጋጅ በሩን ሳታዩት ያስገባችኋል። አንዳንዱ ደግሞ በሩን በርግዶ ይገባል፤ ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ልክ ናት።

አሁን ወደ እግር

እኛ እስክስታ ስናይ ዓይናችን ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ታፕ ዳንስ ስናይም ሳናስበው ከወገብ በላይ እናያለን። ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ደቂቃ ስሙ። ታፕ ከበሮ ነው፤ የሚመታው በጫማ ነው እንጂ።

ለዚህ መምህሩ ፍሬድ አስቴር ነው። ከጂንጀር ሮጀርስ ጋር በ1930ዎቹ ዘጠኝ ፊልም ሠርተዋል፤ በ1949 አሥረኛውን ጨመሩ። «ቶፕ ሃት» (1935) ወይም «ስዊንግ ታይም» (1936) ይበቃችኋል። አስቴር አንድ ነገር ላይ ድርቅ ያለ ሰው ነበር፦ ስጨፍር ከራሴ እስከ እግሬ ልታይ፣ ምስሉም በተቻለ መጠን አይቆራረጥ ይላል። ስለዚህ ማታለል የለም። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። «ስዊንግ ታይም» መጨረሻ ላይ ያለውን ጭፈራ ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግመውት የሮጀርስ እግር ደምቷል። እሷ ግን ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን ብቻ ነው።

«ቶፕ ሃት» ላይ ደግሞ የሮጀርስን የላባ ቀሚስ ልብ በሉ። በቀረጻው ወቅት ላባው እየተነቀለ አስቴርን አበሳጭቶት ነበር። አተኩራችሁ ካያችሁ አንድ ሁለት ላባ ሲንሳፈፍ ትይዛላችሁ።

አስቴርና ኬሊን ማወዳደር የቆየ የቡና ላይ ክርክር ነው። አስቴር ኮትና ረጅም ባርኔጣ ለብሶ መሬት የማይነካ ይመስላል። ኬሊ ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ ስፖርተኛ መሬቱን ይረግጣል። እኔ የአስቴር ወገን ነኝ። ከእኔ ጋር የማይስማሙ ሰዎች ግን ቤቴ ይገባሉ።

ድምፁን ስሙ፤ ከዚያ የማን እንደሆነ ጠይቁ

የጁዲ ጋርላንድን «ኦቨር ዘ ሬይንቦው» ሰምታችሁታል። «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» (1939) ውስጥ ነው፤ ስትቀረጽ 16 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያዋ ቃል ሁለት ድምፅ አላት። የመጀመሪያው ከታች ይነሳል። ሁለተኛው አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ወደ ላይ ይዘላል። ልጅቷ ቆማ ያለችው ደረቅ የገጠር ግቢ ውስጥ ነው፤ ምስሉም ቡናማ ነው። ዜማው ግን አጥሩን ዘሎ ሄዷል። የስቱዲዮው ሰዎች ፊልሙን ያንቀራፍፈዋል ብለው ዘፈኑን ሊያወጡት ነበር። ቀረና የዓመቱን የምርጥ ዘፈን ኦስካር ወሰደ።

ሌሎቹን ድምፆች በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ቢንግ ክሮዝቢ ማይክሮፎን ሲመጣ መጮህ እንደማያስፈልግ ቀድመው ከገባቸው አንዱ ነው፤ ጆሯችሁ ሥር ቁጭ ብሎ ያወራችኋል። ዶሪስ ዴይ ቀለል ያለች፣ ፈገግታዋ ድምጿ ውስጥ የሚሰማ። ጁሊ አንድሩስ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች፤ እያንዳንዱ ፊደል ይለያል። አስቴር ራሱ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ግን ግጥሙን እንደ ሰው ስለሚናገረው የዘመኑ ትልልቅ ደራሲዎች ዘፈናቸውን ለእሱ መስጠት ይወዱ ነበር።

አንድ የአሠራር ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል። ከዚያ ተዋናዩ በድምፅ ማጉያ እየሰማ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ካሜራው ይቀርጻል። የጫማውም ኳኳታ ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው። አፉንና ድምፁን መለየት ከቻላችሁ ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ መግጠም አይከብድም።

ማርኒ ኒክሰን የምትባል ሴት ነበረች። «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» (1956) ላይ ዲቦራ ኬር ስትዘፍን የምትሰሙት ኒክሰንን ነው። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ናታሊ ዉድ ስትዘፍን ኒክሰን ናት። «ማይ ፌር ሌዲ» (1964) ላይ ኦድሪ ሄፕበርን ስትዘፍን አብዛኛው ኒክሰን ነው። ፊልሞቹ ላይ ስሟ አልተጻፈም። የህንድ ፊልም ወዳጅ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ለተዋናይቶቹ ትዘፍን የነበረችውን ላታ ማንጌሽካርን የማያውቅ የለምና። እዚያ ዘፋኟ ራሷ ኮከብ ናት። ሆሊውድ ግን ይደብቃታል።

«ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ጆሮ መፈተኛ አለ። ሄፕበርን በንዴት «ጀስት ዩ ዌይት» ስትል የምትጀምረው በራሷ፣ ሻካራ ባለ ድምፅ ነው። መሃል ላይ ዜማው ከፍ ሲል ድምፁ ድንገት ይጠራል። ስፌቱ እዚያ ጋ ነው። ሁለቴ ከሰማችሁት ሦስተኛ ጊዜ አያመልጣችሁም።

ሲንጊን ኢን ዘ ሬይንም ጉድ አለበት። ታሪኩ የሬይኖልድስ ገጸ ባሕርይ ለሌላዋ ኮከብ ድምፅ እንደምትሰጥ ነው አይደል? በእውነታው «ዉድ ዩ» የሚለውን ዘፈን ለሬይኖልድስ የዘፈነችላት ቤቲ ኖይስ የተባለች ሌላ ሴት ናት። ድምፅ አበዳሪዋ ራሷ ድምፅ ተበድራለች።

መቀስ ያረፈባቸውን ፈልጉ

ይህ ዘመን ሁሉ ወርቅ አልነበረም። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው የሚዘፍኑባቸው ትዕይንቶች ያጋጥሟችኋል፤ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ላይ አለ፣ የመከርኳችሁ «ስዊንግ ታይም» ላይም አለ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ መዝለሉን አልመክርም፤ ግን የሚዘል ሰው አይፈረድበትም።

ሊና ሆርንን ልብ በሉ። ኤምጂኤም ውስጥ ኮንትራት ያላት፣ ድምጿም መልኳም የተሟላ ጥቁር ዘፋኝ ናት። ብዙዎቹ ፊልሞች ላይ ግን ብቻዋን፣ ግድግዳ ተደግፋ ዘፍና ትጠፋለች። ከታሪኩ ጋር አትነካካም። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ በአሜሪካ ደቡብ ያሉ ሲኒማ ቤቶች እሷን ቆርጠው ሲያወጡ ታሪኩ እንዳይበላሽ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ያ ግድግዳ እንደ ድሮው አይታያችሁም።

ሙሉ ሆና የምታገኟት በ1943ቱ «ስቶርሚ ዌዘር» ላይ ነው። ተዋናዮቹ ጥቁሮች ናቸው፤ 78 ደቂቃ ገደማ ነው። መጨረሻው አካባቢ የካብ ካሎዌይ ባንድ ሲጫወት ፋያርድና ሃሮልድ ኒኮላስ የተባሉ ወንድማማቾች ይነሳሉ። ሙዚቀኞቹ መሃል ይዘላሉ። ከዚያ ትልልቅ ደረጃ ላይ አንዱ በአንዱ ራስ ላይ እየዘለለ፣ እግሩን ግራና ቀኝ ሰንጥቆ እያረፈ፣ እጁን ሳያስደግፍ እየተነሳ ይወርዳሉ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አላየሁም።

«ካርመን ጆንስ» (1954) ደግሞ ዶሮቲ ዳንድሪጅን ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አድርጓታል። እሷም ሃሪ ቤላፎንቴም ዘፋኞች ነበሩ። ፊልሙ ላይ ግን የሁለቱም ዘፈን የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ ዜማው የኦፔራ ነው ተብሎ።

አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ

አምስት ስድስት ፊልም ካያችሁ በኋላ መበታተኑን ተዉትና አንድ ኮከብ ተከተሉ። የእኔ ምርጫ ጋርላንድ ናት። በ16 ዓመቷ ከቀስተ ደመናው ማዶ የምትመኘውን ልጅ አይታችኋታል። ቀጥሎ «ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ» (1944)። መስኮት ዳር ሆና ለትንሽ እህቷ የገና ዘፈን ትዘፍናለች። ግጥሙ መጀመሪያ ከዚህም የጨለመ ነበር፤ ለዚች ሕፃን እንዲህ ብዬ አልዘፍንም ብላ አስቀየረችው። እንዲያም ሆኖ ሕፃኗ እያለቀሰች ሮጣ ወጥታ የበረዶ ሰዎቿን ታፈርሳለች።

ከዚያ አሥር ዓመት ዘልላችሁ ወደዚያ ወደ ተቆራረጠው፣ ወደ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» ግቡ። ክለቡ ተዘግቷል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ሙዚቀኞቹ ለራሳቸው ይጫወታሉ። እሷ ተነስታ «ዘ ማን ዛት ጎት አወይ»ን ትዘፍናለች። ካሜራው ሳይቆረጥ ይከተላታል። ስቱዲዮው በልጅነቷ ክኒን እየሰጠ ያሠራት ሴት ናት። በ1969 በ47 ዓመቷ ሞተች። ሦስቱን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ያንን ሁሉ ድምጿ ላይ ይሰማዋል።

ረጅሞቹን በቡና

«ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» (1965) 174 ደቂቃ ነው። «ማይ ፌር ሌዲ» 170። እነዚህ ሲሠሩ መሃል ላይ እረፍት ታስቦላቸዋል። እናንተም አክብሩት። እኛ ቤት እንዲህ እናደርጋለን፦ ፊልሙ ሲጀምር ቡናው ይቆላል። አንድሩስ ተራራው ላይ ስትሽከረከር ጭሱ ይዞራል። (እዚያ ሣር ላይ የቀረጻት ሄሊኮፕተር ንፋሱ ደጋግሞ ጥሏታል። ስታዩት ትዝ ይበላችሁ።) አቦል በመጀመሪያው ግማሽ ይጠጣል። እረፍት የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ቶና። በረካው ለሁለተኛው ግማሽ። እንቅልፍ የሚወስደው ሰው በጣም ቀንሷል።

አጎቴን ግን አላመንኩትም። ባለፈው ፋሲካ ሙሉ ፊልም አልከፈትኩለትም፤ የኒኮላስ ወንድማማቾችን የደረጃ ጭፈራ ብቻ አሳየሁት። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱ ልጆች ሰንጠቅ ብለው ሲያርፉ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሲያልቅ ትንሽ ዝም አለና፣ «እነዚህ ልጆች በኋላ ጉልበታቸው ደህና ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ «እስቲ ድገመው» አለ።